ልምምድ ላይ እበራለሁ፣ ውድድር ላይ እግሬ ይታሰራል፤ ማይንድፉልነስ የሚባለው ነገር ለሯጭ ይሠራል?

የ5ሺዋ

ሰላም ናችሁ? ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው። 22 ዓመቴ ነው፣ ክለብ ውስጥ 5000 ሜትር እሮጣለሁ። ልምምድ ላይ ከሴቶቹ የሚቀድመኝ የለም ብል ጉራ አይሁንብኝ። ባለፈው ወር 1000 ሜትር 6 ጊዜ፣ በ2 ደቂቃ ዕረፍት፣ ሁሉንም በ3:10 ጨርሻለሁ። አሰልጣኛችን ሰዓቱን አይቶ «16:10 ትሮጫለሽ» አለኝ። እኔም አመንኩ። ውድድሩ ላይ የመጣው 16:58 ነው።

እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። ጠዋት ገና ስነሳ ሆዴ ይገላበጣል፣ ቁርስ አልወርድ ይለኛል። ሳሟሙቅ እግሬ የኔ አይመስለኝም። ሩጫው ሲጀመር ግን ደህና ነኝ፣ ከፊተኞቹ ጋር ነኝ። 3000 አካባቢ ስደርስ አንድ ሐሳብ ይመጣል፦ «አሁን ልትቀሪ ነው»። በቃ። እሱ ከመጣ በኋላ ሁለት ሜትር ክፍተት ትፈጠራለች፣ ክፍተቷን ሳያት ትሰፋለች፣ ስትሰፋ ደግሞ ሰው ሁሉ እኔን ብቻ የሚያይ ይመስለኛል። የቀረውን ዙር እንዴት እንደጨረስኩት እንኳ በደንብ አላስታውስም። የሚያናድደኝ ግን ሩጫው ሲያልቅ ትንፋሼ ቶሎ ይመለሳል። ጉልበቱ እያለኝ ነው የቀረሁት ማለት ነው።

አንድ አሰልጣኝ ስነግረው «አእምሮሽ ደካማ ነው፣ ጠንክሪ» አለኝ። እሺ፣ በምን? እግር በዳገት ይጠነክራል፣ አእምሮ በምንድነው የሚጠነክረው? ጓደኛዬ ስልኳ ላይ የማይንድፉልነስ አፕ አሳየችኝ፣ ዓይን ጨፍኖ መተንፈስ ነው። ሦስት ቀን ሞከርኩት። ሁለቱን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ሦስተኛው ቀን ስለ ውድድሩ ሳስብ ቆይቼ ጭራሽ ባሰብኝ። ይሄ ነገር እውነት ይሠራል ወይስ የፈረንጅ ፋሽን ነው? ሞክሮ ያየ ካለ ይንገረኝ። «በርቺ» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉ፣ በርቺ ጠግቤያለሁ።

ጃንሜዳ77

እህቴ፣ አበበ ቢቂላ በፈረንጆቹ 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሲገባ አፕ አልነበረውም። ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ 40 ቀን ገደማ ብቻ ሆኖት 2:12:11 ሮጦ፣ ሌላው እየተንገዳገደ ሲገባ እሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኛ ሩጫ ወኔ ነው። ሯጭ ዓይኑን ጨፍኖ መቀመጥ የጀመረ ቀን ኬንያዎች ይስቁብናል። በርቺ! (ውይ፣ ይቅርታ፣ አመለጠኝ።)

ትዝብተኛው_ተማሪ

ጃንሜዳ፣ አበበ ሲሮጥ በልቡ ምን እንደነበረ አንተም እኔም አናውቅም። ምናልባት ከማናችንም በላይ እዚያው እርምጃው ላይ የነበረ ሰው ነው። «ወኔ» የምትለው ነገር ሲፈታ ምን ምን እንደሆነ ነው ልጅቷ የጠየቀችው።

የማስተርስ ትምህርቴ በስፖርት ሳይኮሎጂ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም፣ ታገሡኝ። መጀመሪያ ቃሉ ላይ እንስማማ። ማይንድፉልነስ ሲባል ሰው ሁሉ አእምሮን ባዶ ማድረግ ወይም መረጋጋት ይመስለዋል። አይደለም። እኔ በአማርኛ «ልብ ማለት» እለዋለሁ። እናትሽ «መንገድ ስትሻገሪ ልብ በይ» ስትልሽ ተረጋጊ ማለቷ አይደለም። ልብሽ እየመታም ቢሆን መኪናውን እዪ ማለቷ ነው። ማይንድፉልነስም እንደዚያ ነው፤ አሁን፣ እዚህ፣ እየሆነ ያለውን ነገር ሳትፈርጂበት ማየት። ፍርሃቱ ላይጠፋ ይችላል።

ስለዚህ አፑ ላይ አእምሮሽ ወደ ውድድሩ መሄዱ ውድቀት አይደለም። መሄዱን ያወቅሽባት ቅጽበት እሷ ናት ልምምዱ። አንድ ጊዜ ሄዶ አንድ ጊዜ ስትመልሺው አንድ ዙር ሠራሽ በይው። 20 ጊዜ ከሄደ 20 ዙር ነው። እንቅልፍ ከወሰደሽ ደግሞ እንቅልፍ ያስፈልግሽ ነበር ማለት ነው፣ ሯጭ አይደለሽ እንዴ!

ፋሽን ነው ወይ ላልሽው፣ ፋሽን የሆነበት ጊዜ አለ፣ ሥሩ ግን ፋሽን አይደለም። ጆን ካባት-ዚን የሚባል አሜሪካዊ በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው በሽተኞች ሥልጠና ጀመረ። ሕመሙን ማጥፋት ስላልተቻለ ከሕመሙ ጋር የሚኖሩበትን መንገድ ነበር የሚያስተምራቸው። እዚህ ጋ ቆም በይና አስቢው፤ ከሕመም ጋር መቆየት የሯጭ ሥራ አይደለም እንዴ? ሰውዬው ራሱ ለ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የሚዘጋጁ የአሜሪካ የጀልባ ቀዛፊዎችን አሠልጥኗል። በ1990ዎቹ ደግሞ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኙ ፊል ጃክሰን የማይንድፉልነስ አስተማሪውን ጆርጅ መምፎርድን አምጥቶ እነ ማይክል ጆርዳንን በሺካጎ ቡልስ ቁጭ ብለው እንዲተነፍሱ አድርጓቸዋል። እነሱ ላይ ማንም አልሳቀም 🙂

አሁን ወደ «ልትቀሪ ነው» እንምጣ። ይሄን ሐሳብ ስትሰሚው ምን ታደርጊያለሽ? እንደምገምተው «አይ፣ አልቀርም፣ እንዲህ አታስቢ» እያልሽ ትታገያለሽ። በ1987 ዳንኤል ዌግነር የሚባል ተመራማሪ ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፣ ካሰባችሁ ግን ደወል ምቱ» አላቸው። ደወሉ ሲጮህ ዋለ። ሐሳብን ስትገፊው ተመልሶ ይመጣል፣ ያውም ሲደክምሽ ይብስበታል። ስለዚህ ጋርድነርና ሙር የሚባሉ ሁለት የስፖርት ሳይኮሎጂ ሰዎች ከ2000 ወዲህ የተለየ መንገድ አመጡ፦ ሐሳቡን አትለውጪው፣ አታባርሪው፣ ይኑር፤ እግርሽ ግን የመጣሽበትን ሥራ ይሥራ። እንደ ሰፈር ሐሜተኛ ቁጠሪያት። በር ላይ ትምጣ፣ ትለፍልፍ፣ ቡና ግን አታፍዪላት።

በረኛው

እኔ እግር ኳስ ነው የምጫወተው፣ በረኛ ነኝ። አንድ ቀላል ኳስ ከእጄ አምልጦ ከገባብኝ ቀጥሎ የሚመጣውም ይገባ ነበር፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ሲመጣ እኔ ገና የመጀመሪያው ጋ ነኝ። አሁን ሲገባብኝ ጓንቴን ፈትቼ መልሼ አስራለሁ። እስካስር ድረስ መናደድ ይፈቀድልኛል፣ ካሰርኩ በኋላ አይፈቀድም። ማይንድፉልነስ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ለኔ ግን ሠርቷል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ነኝ፣ እንደናንተ ሯጭ አይደለሁም፣ ከሥራ በኋላ የምሮጥ ነኝ። ተማሪው ደህና ጽፏል፣ ግን ማርና ወተት ብቻ እንዳይመስልሽ ይቺንም ልጨምር። እዚህ ዋሽንግተን ያለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ያሳተሙት ሥራ አለ፣ 25 የረጅም ርቀት አማተር ሯጮችን ለ4 ሳምንት አሠልጥነው። ስለ ስፖርታቸው መጨነቃቸው ቀንሷል፣ ልብ ማለታቸው ጨምሯል። ሰዓታቸው ግን አልተሻሻለም። አልተሻሻለም! እኔ ይሄን ሳነብ ተናድጄ ነበር፣ ያኔ እኔም ለሰዓት ብዬ ነበር የጀመርኩት። በዚህ ዙሪያ ያሉት ጥናቶች ብዙዎቹ እንዲህ በጥቂት ሰው ላይ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ አፕ ሻጮቹ እንደሚሉት ተአምር አትጠብቂ። ጭንቀቱ ቀንሶ ቁርስ መብላት ከቻልሽ ግን እሱ ራሱ ለሯጭ ትልቅ ነገር ነው።

የማርያም_ልጅ

ይሄ የቡድሃ እምነት አይደለም ወይ? እህቴ፣ ከሩጫው በፊት ጸሎትሽን አድርጊ፣ ይበቃሻል። ለማላውቀው መንፈስ ዓይኔን አልጨፍንም እኔ።

ትዝብተኛው_ተማሪ

የማርያም ልጅ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው፣ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ዝም ይላል። ሥሩ ከቡድሂዝም ነው፣ አልዋሽሽም። ካባት-ዚን ግን ሃይማኖቱን አውጥቶ የትኩረት ልምምዱን ብቻ ነው ወደ ሐኪም ቤት ያስገባው። ዜማ የለው፣ ስግደት የለው፣ የሚጠራ ስም የለው። ዓይን መጨፈንም ግዴታ አይደለም። ጸሎትም ከዚህ ጋር አይጣላም፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። ጸሎት ከመነሻው በፊት ይሆናል፣ እሷ የተቸገረችው 3000 ሜትር ላይ ነው።

ጡረተኛ_አሰልጣኝ

ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ አእምሮ አወራችሁ፣ አንድ ሰው እንኳ ዙሩን አልጠየቃትም። የኔ ልጅ፣ በየኪሎ ሜትሩ ስንት ስንት ነበር የሮጥሽው? የመጀመሪያው ዙርስ? ሌላም ጥያቄ አለኝ፦ የደም ምርመራ ካደረግሽ ምን ያህል ጊዜ ሆነሽ? ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንም (ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳየው)። ሴት ሯጭ ላይ የብረት እጥረት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ልጅቷ «ወኔዋ ጠፋ» እየተባለች ስትሰደብ ከርማ ደሟ ሲታይ ባዶ ነው። ምግብ ላይ ሻይ ቡና የምታስከትዪ ከሆነ እሱንም አራርቂው፣ ብረቱን እንዳይገባ ያደርጋል።

የ5ሺዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ በረኛው አሳቀኝ። ጋሼ፣ ደሜን የታየሁት ከሁለት ወር በፊት ነው፣ ደህና ነው ተብያለሁ፣ ፌሪቲኑም ተለክቷል። ሰዓቱ ይሄው፦ 3:04፣ 3:14፣ 3:25፣ 3:40፣ 3:35። የመጀመሪያው ዙር 71 ሰከንድ ነበር። ስጽፈው አፈርኩ።

ጡረተኛ_አሰልጣኝ

ማፈር የለብሽም ልልሽ ነበር፣ አሁን ግን ሳቅሁ። 16:10 ለመሮጥ አንዱ ዙር፣ 400 ሜትሩ፣ 77 ወይም 78 ሰከንድ ነው። አንቺ 71 ሄድሽ። ይሄ በአዲስ አበባ አየር፣ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ! 3000 ላይ የመጣብሽ ሐሳብ ውሸቱን አይደለም እኮ፤ የመጀመሪያው ዙር ዕዳ ነው የመጣው። እና ትንፋሽሽ ቶሎ ስለተመለሰ ጉልበት ነበረኝ ያልሽው፣ መጨረሻ ላይ ስለተውሽው ነው።

ግን ልብ በይ፣ ለምን 71 ሄድሽ? ልምምድ ላይ 3:10 በ3:10 የምትለኪ ልጅ ሰዓት አታውቂም ማለት አይቻልም። ፈርተሽ ነው። ፈሪ ሰው ይሮጣል። ጠዋት ሆድሽን ያገላበጠው ነገር ነው መነሻው ላይ የገፋሽ። ስለዚህ ይሄ ተማሪ የሚለው ልብ ማለት የሚያስፈልግሽ 3000 ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው 200 ሜትር ላይ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ደረትሽ ውስጥ የሚገፋሽን ነገር እወቂው። «ይሄ ፍርሃት ነው፣ ፍጥነት አይደለም» በይው።

አንድ ነገር ልጨምር። በኛ ጊዜ ማይንድፉልነስ የሚል ቃል አልነበረም፣ ነገሩ ግን ነበር። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሰልፍ ሠርተን ስንሮጥ ምን ነበር የሚባለው? «የፊተኛውን እግር ተከተል»። ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዝክ፣ ሥሩ አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ ዓይንህን ከፊተኛው ተረከዝ ላይ ካነሳህ ትወድቃለህ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሌላ ነገር ማሰብ አትችልም፣ ካሰብክም እግርህ ይነግርሃል። አሁን ልጆቹ ሰዓታቸውን እያዩ ነው የሚሮጡት፣ ሰዓቱ ደግሞ ስለ ድንጋይ አይነግርህም። አንቺም ከነገ ጀምሮ በቀላል ሩጫ ቀን ሁለተኛ ሆነሽ ተሰለፊ። ከፊትሽ ያለችውን እርምጃ በእርምጃ ያዣት። ሐሳብሽ ስንት ጊዜ እንደሄደ ቁጠሪና ስትጨርሺ ጻፊው። አትቆጪ፣ ቁጠሪ ብቻ።

ሌላው፣ መቅረት መጨረሻ አይደለም። በ2019 በርሊን ማራቶን ላይ ቀነኒሳን ከ30 ኪሎ በኋላ ብርሃኑ ለገሠ ጥሎት ሄዶ አልነበረም? ያየ ሁሉ አለቀለት ብሎ ነበር፣ እኔም ቴሌቪዥኑ ፊት ተነስቼ ቡና ልጠጣ ሄጃለሁ (እስካሁን ቤተሰቡ ይስቅብኛል)። ስመለስ ደርሶበታል። 2:01:41 ገባ፣ ከያኔው የዓለም ሪከርድ 2 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ። ክፍተት ሲፈጠር ክፍተቱን ማየት ትተሽ የራስሽን ዙር ያዢ።

ትዝብተኛው_ተማሪ

ጋሼ፣ «የፊተኛውን እግር ተከተል» የሚለውን በጥናት መልክ ሲያቀርቡት ብዙ ገጽ ይወጣዋል። እውነቴን ነው። ጀርመን ሀገር ሊንዳ ሹከር የምትባል ተመራማሪ ሯጮችን ትሬድሚል ላይ አውጥታ የሚወስዱትን ኦክስጅን ለካች፣ 2009 ላይ ነው የታተመው። ትንፋሻቸውን ወይም የእግራቸውን አጣጣል እንዲከታተሉ ሲደረጉ፣ በዚያው ፍጥነት ብዙ ኦክስጅን ይፈጃሉ። ዙሪያቸውን ሲመለከቱ ይቀንሳል። ለምን ቢባል፣ ሰውነት ራሱ የሚያውቀውን ሥራ አንቺ ቆመሽ ስታዢው ይበላሻል። ደረጃ ስትወርጂ እግርሽን አስበሽ አንሺ ብትባዪ ትሰናከያለሽ አይደል።

ስለዚህ የ5ሺዋ፣ ይሄን አደራ አትሳቺው፦ አፑ ላይ ትንፋሽሽን ተከተዪ ማለት ውድድር ላይም ትንፋሽሽን እያዳመጥሽ ሩጪ ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ ትንፋሽ የሚመረጠው ሁልጊዜ አብሮሽ ስላለ ነው፣ መለማመጃ ነው። ትራክ ላይ ዓይንሽን የምታሳርፊበት ሌላ ነገር ምረጪ፣ ለምሳሌ ከፊትሽ ያለችውን ልጅ ጀርባ።

ከዚህ ጋር የሚጣረስ የሚመስል ነገር አለ። በ1977 ሞርጋንና ፖሎክ ትልልቅ ማራቶን ሯጮችን ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ ሰውነታቸውን እያዳመጡ እንደሚሮጡ ተናገሩ፤ ሐሳባቸውን ወደ ሌላ የሚወስዱት ደካሞቹ ናቸው ተባለ። እኔ እንደሚገባኝ አይጣረስም። የአይሱዙ ሹፌር የሞተሩን ሙቀት በየተወሰነ ጊዜ አየት ያደርጋል እንጂ እሱ ላይ አፍጥጦ አይነዳም። አንቺም በየዙሩ አንድ ጊዜ፣ በለው ደወሉ ጋ ስትደርሺ፣ ትከሻሽን እዪ፤ ተነስቷል? ጣልሽው፣ አለፍሽ።

ፊትም አለ። የተመራማሪው ኖኤል ብሪክ ቡድን በ2018 እንዳሳየው ሯጮች ፈገግ ሲሉ ፊታቸውን ከቋጠሩበት ጊዜ ያነሰ ኦክስጅን ነው የተጠቀሙት። ኬንያዊው የማራቶን ሯጭ ኪፕቾጌ 35ኛው ኪሎ ላይ ጥርሱን የሚያሳየን ስለተመቸው አይደለም።

ጃንሜዳ77

እሺ ተሸነፍኩ፣ ኬንያዎቹም እየሳቁ ነው ለካ 😂 የፊተኛውን እግር ተከተል የሚለውን ግን እኔም አውቀዋለሁ፣ ከመጀመሪያው እንዲህ በሉኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

አንድ ነገር ብቻ። ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው አትጀምሪው። እኔ ያንን አድርጌ ግማሽ ማራቶኑን «አሁን ልብ እያልኩ ነው ወይ?» እያልኩ ነው የጨረስኩት። አዲስ ጫማ ለውድድር እንደማይደረግ ነው።

የ5ሺዋ

(ከ7 ሳምንት በኋላ)

ሰላም፣ ጠፋሁ አይደል። ላለመዋሸት ሁሉንም እነግራችኋለሁ። አፑን ትቼዋለሁ። ማታ ከመተኛቴ በፊት 10 ደቂቃ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን እከተላለሁ፣ አንዳንድ ቀን እረሳለሁ። የጋሼን ግን አንድም ቀን አላሳለፍኩም። የመጀመሪያው ቀን 40 ደቂቃ ሩጫ ውስጥ ሐሳቤ 31 ጊዜ ሄዷል፣ ደብተር ላይ አለ። አሁን ይቀንሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልቀነሰም፤ ባለፈው ማክሰኞ 34 ነው። ግን ቶሎ ነው የማገኘው። በፊት አንድ ዳገት ሙሉ ከሰው ጋር በሐሳቤ ስጣላ እወጣ ነበር፣ አሁን ሁለት ሦስት እርምጃ ሄጄ እመለሳለሁ።

ቅዳሜ ተወዳደርኩ። ሆዴ እንደ ድሮው ተገላበጠ፣ ግማሽ ዳቦ በማር በላሁ። ጥይቱ ሲተኮስ ያ የሚገፋኝ ነገር መጣ፣ አወቅሁት፣ ልጆቹ ጥለውኝ ሄዱ፣ ተውኳቸው። መጨረሻ ላይ ሆኜ የመጀመሪያውን ዙር ማለፍ እንዴት እንደሚያሳፍር አልነግራችሁም፣ አንድ ሰው ከዳር «ምን ሆናለች?» ሲል ሰምቼዋለሁ። 3200 ላይ ሐሜተኛዋ መጣች። «ልትቀሪ ነው» አለችኝ። እኔ ግን ያኔ ሁለቱን አልፌ ሦስተኛዋ ጀርባ ላይ ነበርኩ፣ ቁጥሯ 14 ነበር፣ 14 ላይ አፈጠጥኩ። ከዚያ 4000 ላይ እንደገና መጣችና ትንሽ ሰማኋት፣ እዚያ ጋ ሦስት አራት ሰከንድ ጠፍቶብኛል። 16:29። 4ኛ።

16:10 አይደለም፣ አውቃለሁ።

ጡረተኛ_አሰልጣኝ

የመጀመሪያው ዙር ስንት ነበር?

የ5ሺዋ

78 ጋሼ።

ጡረተኛ_አሰልጣኝ

ጎሽ። ነገ ዕረፍት አድርጊ፣ ሰኞ እንጦጦ።